እድር ለቆመ ሰው አይከፍልም

(ግንቦት ላይ፣ ቅዳሜ ከገበያ መልስ፤ የእድሩ ዳኛ አቶ ደምለው የእድሩ ድንኳን ከሚቀመጥበት ቤት ደጃፍ ካስማ ይጠርባሉ፤ ባለፈው ክረምት ልጃቸውን በወሊድ ያጡት ወይዘሮ አንጓች ከፊታቸው ቆመዋል።)

አንጓች፦ የራሴን ነው የምልህ ደምለው! የሰው አልጠየቅሁም። ስሞት የምታወጡልኝን አሁን ስጡኝ።

ደምለው፦ እቴ አንጓች፣ የእድር ገንዘብ እኮ ለቀብር ነው። ቆመሽ እያወራሽኝ ምን ብዬ ልክፈልሽ?

አንጓች፦ ሞታለች በልና ክፈል።

ደምለው፦ ኧረ በስማም! ምነው ሟርት?

አንጓች፦ ምን ላድርግ? ጤና ጣቢያው ሥር ነፍሰ ጡሮች ቀናቸውን እንዲጠብቁበት የጀመርነው የእናቶች ማቆያ ግድግዳው ከጉልበት አላለፈም። ግንበኛው ካልተከፈለኝ ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። የሚረዳን ድርጅት ደግሞ ግድግዳው ከእናንተ፣ ቆርቆሮና አልጋው ከኔ ብሏል። ሐሙስ መጥተው ያያሉ። ካልቆመ ቆርቆሮው ወደ ሌላ ቀበሌ ይጫናል።

ደምለው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ለድልድዩስ አዋጡ ተብለን አላዋጣንም? የታለ ድልድዩ?

አንጓች፦ ይሄኛው በሰማይ አይደለም። ጤና ጣቢያው ጓሮ ተደርድሯል፤ ሄጄ በእጄ ነካሁት።

ደምለው፦ እሺ፣ ሰጠሁሽ እንበል። ያንቺ ቀን ሲደርስስ? ያለ ድንኳን፣ ያለ ንፍሮ ልትቀበሪ? ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ሊሰጣ? አገር ምን ይለናል?

አንጓች፦ እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያለችው አህያ ናት። እኔ አህያ አይደለሁም፤ ከኔ ወዲያ ይብቀል።

ደምለው፦ አንቺ መቼም ምላስ አልተነፈግሽም። ግን ሕግ አለ። እድር ለሞተ እንጂ ለቆመ አይከፍልም። አባቶቻችን ያቆሙት ነው።

አንጓች፦ አባቶቻችንማ የሞተን አትርሳ፣ የወደቀን አንሳ ነው ያሉት። እናንተ የፊቷን ይዛችሁ የኋላዋን ጣላችኋት።

ደምለው፦ ነገርሽ የልጅሽ የአትጠገብ ነው፤ ይገባኛል። ሀዘኗ ገና አልወጣልሽም። ግን እቴ፣ ቤቱ ቢሠራ እሷን አይመልሳትም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ…

አንጓች፦ ጨርሰው እንጂ! አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ልቅሶውን እኔ እችለዋለሁ። የጎረቤቴ የየሽመቤት የመውለጃ ቀኗ ሐምሌ ነው። ሐምሌ ላይ ወንዙ ሰው ያሻግራል? ማቆያው ካለ ግን ሳይሞላ ተሻግራ ጤና ጣቢያው ሥር ታርፋለች። ልጄም ይቺን ነበር ያጣችው።

ደምለው፦ ያን ቀንም ቢሆን ቃሬዛ አልነፈግናችሁም።

አንጓች፦ ቃሬዛማ ነበረ። የጠፋው ተሸካሚ ነው። ሰው ሁሉ አረም ላይ ነበር። ጥሩምባውን አስነፋልኝ፣ ሰው ይሰብሰብልኝ ብዬ እግርህ ላይ ወደቅሁ።

ደምለው፦ በቁም ሰው ላይ ጥሩምባ አይነፋም፣ ሞት መጥራት ነው አልኩሽ። ማንስ ቢሆን ምን ይልሽ ነበር?

አንጓች፦ አልጠራኸውም፤ እሱ ግን መጣ። አንዱን ጫፍ እኔ እናቷ ይዤ ተሸከምናት። ደክሞን እያሳረፍናት፣ እያነሳናት ወንዙ ስንደርስ ሞልቷል። ተመለሱ፣ እማዬ ቤቴ ልሙት አለችኝ።

ደምለው፦ ተይኝ እቴ፤ በፈጠረሽ።

አንጓች፦ አልተውህም። ስትሞትማ ጥሩምባው ተነፋ። አገር አረሙን ጥሎ መጣ። ድንኳኑ መቼ እንደተተከለ አላውቅም። እሱ ሥር ቁጭ ብዬ ሰዉን ቀና ብዬ አየሁና፣ እንዲህ ብዙ ነን እንዴ? አልኩ።

ደምለው፦ ከዚያ ወዲህ ጥሩምባው ሲነፋ እሷ ናት የምትታየኝ። ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅ።

አንጓች፦ እኔም በወንበርህ ብሆን መንፋቱን እፈራ ነበር። ያሳደገን አንድ አገር ነው። ላስለቅስህ አልመጣሁም ወንድሜ፤ ድርሻዬን ስጠኝና ልሂድ።

ደምለው፦ ያንቺ ድርሻ ግንበኛውን ቢመልስ ነው። ድንጋዩን ማን ሊያቀብለው? ጭቃውን ማን ሊረግጥ?

አንጓች፦ እሱ ነው ያቃጠለኝ። ቤት ለቤት ዞርኩ። ሁሉም ነገ፣ ነገ ይለኛል።

ደምለው፦ በይ ስሚኝ። ድርሻሽን አልሰጥሽም።

አንጓች፦ እንግዲያው እግዜር ይይልህ! ደህና ዋል።

ደምለው፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም! ድርሻሽ አይነካም፤ ቀንሽ ሲደርስ በወግ ትቀበሪበታለሽ። የግንበኛውን ሒሳብ ከእድሩ እናወጣለን፤ አባሉ ፊት አስወስነዋለሁ።

አንጓች፦ በየትኛው ስብሰባ? ለስብሰባ ስትጠራቸው ማን ይመጣልሃል?

ደምለው፦ ነገ ከቅዳሴ መልስ ጥሩምባውን እኔ ራሴ እነፋለሁ።

አንጓች፦ ውይ ደምለው… ምነው ያኔ! ምነው አንዴ ብትነፋላት!

ደምለው፦ አውቃለሁ እቴ። አውቃለሁ።

አንጓች፦ እየሮጡ መጥተው ማን ሞተ ሲሉህስ?

ደምለው፦ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይምጡ። ገና ማንም አልሞተም፣ ድንጋይ አንሱ እላቸዋለሁ።