የሆሞሻው ሰርግ ካሴት

ከሆሞሻ ወደ አሶሳ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ፌስታል ሙሉ ካሴት ታቅፈዋል። አጠገባቸው ያለችው የበርታ ሴት፣ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» በሚል አማርኛዋ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ካሴት አሁንም ሰው ይሰማል?»

«እኔ እሰማለሁ! በየዓመቱ እየፈለግኩ እጨምራለሁ። የዘንድሮው ግን ከሁሉም ይበልጣል!»

«የማን ዘፈን ነው?»

«ድሮ እዚሁ ሆሞሻ ሰርግ ላይ የተቀዳ የበርታ ዘፈን ነው። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ዘፋኟ ስትጀምር ግን እግሬ አርፎ አይቀመጥም!»

«ሆሞሻ? እስቲ እንስማ!»

«ሾፌር፣ ቴፕህ ካሴት ያጫውታል?»

«ያጫውታል፣ አቀብሉኝ!»

ካሴቱ ሲገባ ከቅል የተሠራው የበርታዎች መለከት ተነፋ፤ ጭብጨባው ደመቀ፤ ከዚያ የሴት ድምፅ ወጣ።

«እናቴ ነው! ወላሂ እናቴ ነው!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ስሜን ጠራ እኮ! ‹ሐዋ፣ አትረብሺ፣ ቁጭ በይ› አለኝ! ትንሽ ልጅ ነበርኩ!»

«በሕይወት አሉ?»

«አለ! አሶሳ እኔ ቤት ነው። የራሱን ድምፅ አንድ ቀን ሰምቶ አያውቅም!»

«በይ ቤትሽን አሳዪኝ፤ ማጫወቻዬን ይዤ ዛሬውኑ እመጣለሁ!»

«ዛሬ አይደለም ጋሼ፣ አሁን! ሾፌር፣ ድምፁን ጨምር!»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ» ማለት ነበረብኝ፤ ካሴቱን እየሰማሁ አብሬያቸው አለፍኩ።