የበያጁ መዶሻ

ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ አንዲት አሮጊት ከጎኔ የተቀመጠውን ሰውዬ አፍጥጠው አዩትና ጮኹ።

«የጸሎት ቤታችንን የብረት በር በይደህ የዘጋኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ታዝዤ ነው፣ እማማ። ዛሬ ልከፍተው እየሄድኩ ነው!»

«በምን?»

«በዚህ መዶሻ።»

«የተበየደ ብረት በመዶሻ?»

«ዙሪያውን መቼ በየድኩት! አራት ቦታ ብቻ ነካ ነካ አድርጌ ቀለም ቀባሁበት። ሁለት ሦስቴ ቢመቱት ይለቃል።»

«እኛ ይኼን ሁሉ ዓመት ጫካ ለጫካ ስንጸልይ! ምነው ሳትነግረን?»

«ብነግራችሁ በማግስቱ ትከፍቱት ነበራ!»

«እሱስ እውነትህን ነው!» መዶሻውን ነጥቀውት የጋቢናውን ጣራ ደበደቡ። «መጀመሪያ የምመታው እኔ ነኝ! ሹፌር፣ ንዳው እንጂ!»

ጂንካ ስንወርድ ቤቴን አልፌ ተከተልኳቸው።