የማይሄዱት የወለላ ሕዋሳት

(አዲስ አበባ፣ በአንድ ሆስፒታል የምርምር ክፍል፣ ከቀትር በኋላ። የስምንት ዓመት ልጁ ወለላ ከተኛች አርባ ቀን የሞላት አናጢው አቶ ዘርጋው ሐኪሟን ዶክተር ስንዱን ይለምናል።)

ዘርጋው፦ ነርሷ «ዶክተር ስንዱ ካልፈቀዱ አትወጣም» አለችኝ። ይፍቀዱልኝና ልጄን አገሯ ልውሰዳት።

ስንዱ፦ አልፈቅድም አቶ ዘርጋው። መጀመሪያ ይህን ስክሪን ይዩ።

ዘርጋው፦ አረንጓዴ ነገር ብልጭ ይላል።

ስንዱ፦ የወለላ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ በሕይወት አሉ። መልእክት ሲደርሳቸው የሚያበራ ቀለም ሰጥተናቸዋል። ጀርም ሲገባ ሰውነት ለጥሪ የሚረጨውን ንጥረ ነገር እዚህ ጥግ ላይ ጨመርን። አበሩ፤ ሰምተዋል ማለት ነው።

ዘርጋው፦ ከሰሙ ታዲያ ምን ይገትራቸዋል?

ስንዱ፦ መሄድ አቃታቸው። ቁስሏ የማይድነው ለዚህ ነው። ጀርሙ መግባቱን ያውቃሉ፣ ግን አይደርሱበትም።

ዘርጋው፦ ትንሽ እንጠብቃቸው።

ስንዱ፦ ከጠዋት ጀምሮ ጠብቄያቸዋለሁ።

ዘርጋው፦ ይኼ በወዲህ በኩል የሚጣደፈውስ የማን ነው?

ስንዱ፦ የእርስዎ። ትናንት ለማወዳደሪያ የሰጡን ደም ነው።

ዘርጋው፦ የእኔ ይሄዳል? እንግዲያው ከእኔ ቀድተው ይስጧት። የፈለጉትን ያህል ይቅዱ።

ስንዱ፦ እነዚህ ቢሰጧት ከአንድ ሁለት ቀን አያልፉም። የሚያስፈልጋት መቅኔ ነው፣ ከአጥንት ውስጥ የሚወሰድ። እሱን እዚህ የሚሠራልን የለም። ውጭ አገር ሦስት ቦታ ጽፌያለሁ።

ዘርጋው፦ ምን አሉ?

ስንዱ፦ አንዱ ብቻ መለሰ። አንችልም አለ።

ዘርጋው፦ እኔ መዝጊያ ሲወላገድ የቱ ጋ እንደሆነ ካየሁ አቃናዋለሁ። እርስዎ አይተውታል እኮ፤ ያውም እያበራ።

ስንዱ፦ አይቼዋለሁ። ከማየት ያለፈ ግን አልሆነልኝም።

ዘርጋው፦ እዚህ ብትቆይስ?

ስንዱ፦ ባመማት ቁጥር መድኃኒት እንሰጣታለን፤ መድኃኒቱ እስከሠራ ድረስ።

ዘርጋው፦ አሁን እየሠራ ነው?

ስንዱ፦ ባለፈው ሳምንት የተቀየረላት የመጨረሻው ነው። ቤት ግን አቧራ አለ፣ ከብት አለ፤ ቶሎ…

ዘርጋው፦ ቶሎ የሚለውን ተረድቼዋለሁ። እዚያ እህቷ አለች ዶክተር። ሕፃን አይገባም ተብሎ አርባ ቀን አልተያዩም። ወለላ «ረሳችኝ እንዴ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

ስንዱ፦ እንዳልረሳቻት ይንገሯት።

ዘርጋው፦ እንድትቆይ የሚያደርግ አንድ ነገር ካለዎት ይንገሩኝና ዝም ልበል።

ስንዱ፦ የሚዋጠውን መድኃኒት አስይዝዎታለሁ። ዛሬውኑ ይዘዋት ይሂዱ።