ቢፌ ውስጥ የተቆለፈው ዋይፋይ

የሕንፃው ሊፍት ከተበላሸ ወዲህ፣ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለው በዚያ አፓርታማ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኘው ደረጃ ላይ ሆኗል። አቢግያም ያን ቅዳሜ ረፋድ የስፖርት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወርድ ጋሼ ዓለምሰገድን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አገኘቻቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ከፎጣው ጫፍ ጥቁር ገመድ ተንጠልጥሎ ደረጃውን ይጠርጋል።

“ደኅና አደሩ ጋሼ? ምንድን ነው የያዙት?”

“ኢንተርኔት ነው ብለው የሸጡልኝ ሣጥን። ወስጄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ። ወይ ትልቁን ፓኬጅ ይሰጡኛል፣ ወይ እንካሰሳለን።”

“ባለፈው አሳድገውት አልነበር እንዴ?”

“አሳድጌዋለሁ። ከዚያ በፊትም አሳድጌዋለሁ። ይህን ያህል ያሳደግሁት ልጅ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ድሬው ነበር።”

አቢግያ ዌስትላንድስ ሰፈር ነው የምትሠራው፤ ለመሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ ትዘረጋለች። ይህን የናይሮቢ ሐበሻ ከሰማ ወዲህ ቅዳሜ የሚባል ቀን የላትም። የማንም ቲቪ እምቢ ሲል፣ የማንም ልጅ ታብሌት ሲቆለፍ የሚደወለው ለእሷ ነው። በዚህ ሳምንት ግን የሰው ራውተር አልነካም ብላ ለራሷ ምላ ነበር። መሐላዋን ያስፈረሳት ከረባቱ ነው።

“ለኢንተርኔት ቢሮ ነው ይህ ሁሉ ከረባት?” አለች፤ መጠየቅ እንዳልነበረባት ዘግይቶ እየገባት።

ጋሼ ዓለምሰገድ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና ነገሩን ዘረገፉት። አቤል የሚባለው የእህታቸው ልጅ፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ እሳቸው ከናይሮቢ እየላኩ ያሳደጉት፣ አዲስ አበባ ሊያገባ ነው። ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎች የልጅቱ አባት አቶ ያዕቆብ ቤት ሄደው ነበር። የጋሼ ፓስፖርት ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ኢሚግሬሽን ስለገባ በአካል መሄድ አልቻሉም። ስለዚህ በቪዲዮ ገቡ፤ ታብሌቱም እንደ ሰው ከሽማግሌዎቹ መሃል ተደርጎ ተያዘ። አቶ ያዕቆብ “ልጁን ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፤ ከእርስዎ አፍ ልስማ” ባሉበት ሰዓት መስመሩ ቆመ። ጋሼ ዓለምሰገድ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እንደዚያው ደርቀው ቀሩ።

“‘ይህ ሰው ያላግጥብኛል እንዴ?’ ብሎ ተነሣ አሉኝ። በስንት ልመና ለዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ቀጠረን። ዛሬም እንዲያ ከሆነ ነገሩ ይቅር ብሏል። ልጁ ሰውነቱ አልቋል፣ ልጄ።”

“በስልክ ዳታ ለምን አይሞክሩም?”

“የስልኩ ኔትወርክ የሚገባው እዚህ ደረጃ ላይ ብቻ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ሽማግሌ ደረጃ ላይ ቆሞ የሰው ልጅ ይጠይቃል?”

አቢግያ የስፖርት ቦርሳዋን አየት አደረገችና ተነፈሰች። “ሳዋ፣ እሺ፤ ይመለሱ። ከመካሰስዎ በፊት ቤቱን ልየው።”

ራውተሩ የክብር ቦታ ነበረው። ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር የያዘው ቢፌ ጀርባው ሙሉ መስታወት ነው። መሃለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከትልቁ የብረት ትሪ ኋላ፣ ባለቤታቸው እትዬ ሠርክ በእጃቸው የሠሩት ዳንቴል ተነጥፎ ይታያል። ጋሼ ሣጥኗን እዚያው መለሷት፣ ገመዷን ሰኩ፣ በዳንቴሉ ሸፈኗት፣ በሩን ቆለፉና ቁልፉን ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

አቢግያ ከቦርሳዋ ላፕቶፗን አውጥታ በሩ እንደተዘጋ ፍጥነቱን ለካች።

“ጋሼ፣ ይህች ዕቃ ያው ሬዲዮ ናት። ሞገዷን አየር ላይ ነው የምትለቀው። ከኋላዋ መስታወት፣ ከፊቷ ብረት፣ ከላይዋ ዳንቴል አድርገው ከቆለፉባት በምን በኩል ትውጣ?”

“ዳንቴሉ ቀዳዳ አለው።”

“ዳንቴሉ ሙቀት ነው የሚያፍነው። ሞገዱን የሚመልሱት መስታወቱና ትሪው ናቸው።”

“ታዲያ ይህን የመሰለ ዕቃ እንደ ጫማ ሜዳ ላይ ይጣል? ሠርክ ከገበያ ተመልሳ ገመድ ሳሎኗ መሃል ተጎትቶ ብታይ እኔን ከነሣጥኔ ነው የምታስወጣኝ።”

“እትዬ ሠርክን እኔ አነጋግራለሁ። ይክፈቱት።”

ሣጥኗ ወጥታ ከሳሎኑ በር በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ፣ ግልጥ ብላ ተቀመጠች። አቢግያ ፍጥነቱን እንደገና ለካች። ቀድሞ በሩ እንደተዘጋ ከለካችው ጋር ሲተያይ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ከሚከፍሉት ግን ግማሹም አልሞላም።

“አየሽ፣” አሉ ጋሼ ዓለምሰገድ፣ እንደ ረታ ሰው። “ሌቦች ናቸው።”

“ይቆዩ። ፓስዎርዱን የሚያውቅ ማን ነው?”

“ማን የማያውቅ አለ?” አሉ፣ ፊታቸው ፈካ ብሎ። የላይኛው ፎቅ ተማሪዎች፣ የጥበቃው ክፍል፣ የማኅበራቸው አባላት፣ ምድር ቤት የፋኢዛ ፀጉር ቤት፤ ሁሉንም በየስማቸው አነሡ። የሚናገሩት ደግ ሰው ስለ ደግነቱ እንደሚናገረው፣ ላለመኩራት እየጣሩ ነበር።

“ጋሼ፣ በአንድ ቧንቧ መንደር ሁሉ እየቀዳ፣ ለእርስዎ ሲንጠባጠብ የውኃ መሥሪያ ቤቱን ይከሳሉ?”

“አንቺ እዚህ ስላደግሽ ነው። ሰው ደጄ መጥቶ ‘ፓስዎርድ’ ሲለኝ የለኝም ልበል? ነገ በንፉግነት ስሜ ይነሣል። ንፉግ ከሚሉኝ ቀርፋፋ ይበሉኝ።”

“አቶ ያዕቆብ ያሉዎት ቀርፋፋ አይደለም፤ አላጋጭ ነው።”

ጋሼ ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። አቢግያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ይከልክሉ አላልሁም። ቤትዎ እንግዳ ሲመጣ የት ይቀመጣል?”

“ሳሎን ነዋ።”

“አልጋዎ ላይ ወጥቶ ይተኛል?”

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ይህች ሣጥን ሳሎንም መኝታ ቤትም አላት። እርስዎ ሁሉንም አልጋዎ ላይ አስተኝተው ራስዎ ኮሪደር ላይ ቆመዋል። የእንግዳ መስመር ለብቻው ልክፈትላቸው፤ በልኩ ይጠቀሙ። የቤቱ መስመር ግን ለቤቱ ይሁን።”

“እና ‘ከዛሬ ጀምሮ በልክ ነው’ ብዬ በየበሩ ልዙር? አላደርገውም። የሰው ዓይን አለ።”

አቢግያ የኩባንያ ደንበኞቿ ይህን ያህል እንደማያደክሟት ታሰባት። እነሱ ስለ ገንዘብ ነው የሚከራከሩት፤ ገንዘብ ደግሞ መልስ አለው። ይሉኝታ መለኪያ አልተሠራለትም። መከራከሩን ተወችና ዋይፋዩን ለጊዜው ዘጋችው፤ ከዚያ ላፕቶፗን በገመድ ከሣጥኗ ጋር አገናኝታ ለካች። ቁጥሩ ሽቅብ ወጥቶ ልክ የፓኬጁ መጠን ላይ ቆመ።

“ይኸው። ኩባንያው የሸጠልዎትን እየላከ ነው።”

ጋሼ ዓለምሰገድ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን እያዩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ፋኢዛ ናት፤ ማበጠሪያ በእጇ ይዛ፣ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ።

“ጋሼ፣ ኔቱን ምን አደረጉት? ደንበኞቼ ካስክ ውስጥ እንደተቀመጡ ድራማው ቆመባቸው።”

“ለጥቂት ደቂቃ ነው፣” አለች አቢግያ።

“ሰሞኑንማ እየቆራረጠ ሰው ፊት አሳፈረን። ካሳደጉት አይቀር ደህናውን ይውሰዱ እንጂ ጋሼ።”

አቢግያ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። ጋሼ ዓለምሰገድ መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁ።

“አሳፈረን? ፋኢዛ፣ ባለፈው እሑድ ከሰዓት ሥራ ነበራችሁ?”

“እንዴ፣ እሑድማ መቆሚያም አልነበረ። የሙሽራ ሚዜዎች ነበሩን፤ ቲቪው ተከፍቷል፣ እነሱም በየስልካቸው ቪዲዮ ይለቃሉ።”

“የሰው ሚዜ ቪዲዮ ሲለቅ የኔ ሽምግልና ቆመ።” ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የእሑዱን ውርደት፣ የዛሬውን ቀጠሮ፣ አቢግያ ስለ እንግዳ መስመር ያለችውን፣ ሁሉንም ነገሯት። ሲጨርሱ አንገታቸውን ደፉ፤ ስድቡን እየጠበቁ።

ፋኢዛ ግን ማበጠሪያዋን እያገላበጠች ቆየችና “እኔ እኮ ካመት በፊት የራሴን መስመር ላስገባ ነበር፣” አለች። “ሰዎቹ መጥተው ለክተው ሁሉ ሄደዋል። ጋሼ ‘የኔን ናቀችው’ ብለው ይቀየሙኛል ብዬ ነው የተውሁት። ሥራዬ በዚህ ኔት ስንት ጊዜ እንደተበላሸ እኔ ነኝ የማውቀው።”

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። አንዱ እንዳይሰደብ ይሰጣል፤ ሌላዋ እንዳታስቀይም ትቀበላለች። ሁለቱም በየቤታቸው ያቺ ክብ ምልክት ስትሽከረከር እያዩ ይቃጠላሉ፤ እርግማኑ ግን ሁሉ ኩባንያው ላይ ነው። በመካከላቸው የጎደለው ሜጋ አልነበረም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

“ክፈችው ያንን መስመር፣” አሉ ጋሼ ዓለምሰገድ ለአቢግያ። “ለየቤቱም እኔው ራሴ እናገራለሁ።”

በየደረጃው ወጥተው ተናገሩ። ተማሪዎቹ አዲሱን ፓስዎርድ ጻፉና አመሰገኑ። ጥበቃው በስዋሂሊ “ሃኩና ሺዳ፣ ምዜ” አለ፤ ችግር የለም፣ አባት ማለቱ ነው። ንፉግ ያላቸው አልነበረም። ሲመለሱ ድካማቸው ለቋቸው፣ ሰው ሁሉ ዕቃውን ከቢፌ ያውጣ፣ እንግዳውን ከባለቤቱ ይለይ፣ ከመካሰሱም በፊት የመጣለትን በገመድ ይለካ እያሉ አቢግያን ራሷን ይመክሯት ጀመር። የቤተሰብ ጨዋታ እንደማይቋረጥ፣ ፓኬጅ በከንቱ እንደማይገዛ፣ ጎረቤትም እንደማይቀያየም አብራሩላት። እሷም አዲስ ነገር እንደሰማች ሰው ራሷን ነቀነቀች። የቀራት ጉልበት ለዚያ ብቻ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአቶ ያዕቆብ ፊት ብቅ አለ። ምስሉ ከመጥራቱ የተነሣ ጢማቸውን የተላጩበት ምላጭ የተወው ጭረት ሳይቀር ይታያል። አዲስ አበባ ያሉት ሽማግሌዎች እሺታ እስኪያገኙ እንደ ወጉ ቆመዋል፤ ጋሼ ዓለምሰገድም ላፕቶፑ ፊት ቆመዋል። አቢግያ ከካሜራው ውጪ ሶፋው ጠርዝ ላይ ናት።

“አንድ ነገር ልጠይቅ፣” አሉ አቶ ያዕቆብ። “ልጁ ይጠጣል ይባላል።”

ጋሼ ዓለምሰገድ በዓይናቸው አቢግያን ፈለጓት። ዓይናቸው ውስጥ የነበረውን እሷ ወዲያው አወቀችው፤ በዚህች ደቂቃ ቢቆራረጥ ደስ ይላቸው ነበር። መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

“ይጠጣ ነበር፣” አሉ በመጨረሻ። “አባቱ ሲሞት ጀመረ። በምክርም በቁጣም ተው ብንለው እምቢ አለ። ከልጅዎ ጋር ከተዋወቀ ወዲህ ነው የተወው። አልዋሽዎትም፤ ለዚህ እኔ ዋስ ነኝ።”

አቶ ያዕቆብ አልመለሱም። ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይናቸውም አልተርገበገበም። ጋሼ ዓለምሰገድ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ “ቆመ እንዴ?” አሉ።

አቢግያ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። “መስመሩ ደህና ነው፣” አለች በሹክሹክታ። “እያሰቡ ነው።”

ጠበቁ። ያን ያህል ረጅም ዝምታ ሙሉ በሙሉ፣ ሳይቆራረጥ ደረሳቸው። ከዚያ አቶ ያዕቆብ ጉሮሯቸውን ጠረጉና “እንግዲህ ሽማግሌዎች፣ ቁጭ በሉ፣” አሉ።

አዲስ አበባ ሦስቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ናይሮቢ ደግሞ ጋሼ ዓለምሰገድ ወንበር መኖሩን ሳያዩ ወደ ኋላቸው ቁጭ አሉ፤ አቢግያ ሮጣ ባትደርስላቸው ኖሮ መሬት ነበሩ።