ጠባቧ መኪና

በሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ፣ በጁላይ የመጀመሪያው እሑድ፣ በመቃብር እሑድ፣ መቃብሩ ሲባረክ የነበረው ፀሐይ ልክ የዛሬው ዓይነት ነበር፤ ያስታውሱታል፣ እትዬ ዴልያ? አምስት ዓመት ሆነው። አየርላንድ ውስጥ ዝናብ የሌለበት እሑድ ስለማይበዛ ሰው አይረሳውም። በዚህ በኩል ይቀመጡ፤ እዚህ ነፋሱ አያገኝዎትም። ሻዩ በፔርሙስ አለ። የከሙኑን ዳቦ ግን ቡራኬው ሳያልቅ እንዳይፈቱት፤ ያለፈው ዓመት አባ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ሲያዩዎት ነበር። እሳቸውም ገና ናቸው፤ ድምፅ ማጉያቸውን ተሳቢ ላይ ጭነው ከእኛ በፊት ሁለት የመቃብር ቦታ ይዞራሉ።

ድምፄን ከፍ የማደርገው ለጆሮዎ ብዬ ነው። የማዳመጫዎን ባትሪ ዛሬም ረስተውት መጡ መሰለኝ… ምንም አይደል። እኔ የምነግረው ለእርስዎ ብቻ ነው፤ ነፋስ ተሸክሞ ወደ ሌላ ሰው መቃብር ከወሰደው ጥፋቱ የነፋስ ነው።

የአትራክታን መቃብር አዩት? እንዴት እንዳማረበት። ነጭ ጠጠር፣ ትኩስ አበባ፣ ድንጋዩ ላይ በወርቅ ቀለም ጃርላት፣ ከሥሩ ደግሞ ባለቤቱ አትራክታ። ልጅ ማለት እንዲህ ነው። ስንቱ እናቱን የሚያስባት በሕይወት ሳለች ብቻ ነው፤ ይሄኛው ግን ከሞተች በኋላ… ይቅርታ፣ ከሞተችም በኋላ ለማለት ነው። ዞር ብለው እንዳያዩ፤ አንድ ሰው እዚያ አበባ እያስተካከለ ነው። እኛ ከመጣን ጀምሮ ያንኑ አበባ። ስም አልጠራም። ስም መጥራት የሐሜተኛ ሥራ ነው፤ እኔ ደግሞ የአጥር ጎረቤት ነኝ፣ ጎረቤት የሚያየውን እንጂ የማያየውን አያወራም።

ያቺ የድሮዋ ባለናፍታ መኪናቸውስ ትዝ ትልዎታለች? ረጅሟ፣ ኋላዋ እንደ ጎተራ የሰፋው። ገና መስቀለኛው መንገድ ሳትደርስ ሳሏ ይሰማ ነበር፤ ውሾቹም በሳሏ ለይተው ዝም ይሉ ነበር። ምን ያልጫነች አለ? ለማገዶ የደረቀውን የረግረግ አፈር በጆንያ፣ የሰበካውን ልጆች ከነጨዋታ ዱላቸው፣ አንዴም በብርድ የተወለደ ጥጃ። እሑድ እሑድ ደግሞ አትራክታን። እሷ ጋቢና፣ ዊልቸሯ ከኋላ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደግፈው ሲያወርዷት ከሠረገላ የወረደች ንግሥት ነበር የምትመስለው። ሰማያዊ ባርኔጣዋን መቼም አይረሱትም፤ ከፊትዎ ተቀምጣ መሠዊያውን ትከልልብኛለች እያሉ ስንት ጊዜ አማረሩ።

ያን ጊዜ ናፍታ የተባረከ ነገር ነበር። የዋና ከተማ ሰዎች ‹ናፍታ ግዙ› አሉን፣ ገዛን። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ያው አፍ ‹ናፍታ መርዝ ነው› አለን። እኛ ግራ የገባን ደግሞ እንደ ገባን ቀረን፤ እኔ ይኸው እስከ ዛሬ በአሮጌ ቫኔ የሰው ሳንባ አጠቁራለሁ። ኅሊና ያለው ግን ኅሊና አለው። አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ መጠጥ ቤት ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ‹የእናቴ ሳንባ ያሳስበኛል፤ ይህን ጭስ ከቤቴ ማራቅ አለብኝ› ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ስለ አየር ሲናገር እናቱን የሚያነሣ ሰው በዚህ ዘመን ከወዴት ይገኛል?

ሲያርቅም እንደ ሰው አይደለም፤ አዲስ መኪና ገዛ። ትንሽ፣ ቀይ፣ ባለቤንዚን፣ አውቶማቲክ። ፍሪሲዮን የላት፣ ማርሹን ራሷ ትቀይር፣ ዳገት ቁልቁለቱን ራሷ ታውቅ። ነጂውን ምንም አትጠይቀውም… ምንም የማይጠይቅን ነገር ማን ይጠላል? ግራ እግሩ ከባለቤቱ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። ግራ እጁም ሥራ ፈታ። እኔ የዋሁ ታዲያ፣ በመንገድ ስንተላለፍ እንደ ወጋችን ለሰላምታ አንድ ጣት ከመሪው ላይ ማንሣቱ ቀርቶ፣ አሁን ሙሉ እጁን ያውለበልብልናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አንዷም ጣት ቀረች። እሷም አውቶማቲክ ሆና ይሆናል፤ ተነሺ የሚላት አጥታ።

ታርጋዋንስ ልብ ብለውታል? የእኛ አገር መኪና ዓመቷን በግንባሯ ጽፋ አይደል የምትዞረው። በዲሴምበር ቢረከባት በሳምንቱ ያለፈ ዓመት ልትሆንበት ነው። ስለዚህ በኦክቶበር አዝዞ ጃንዋሪን ጠበቀ። ሞኝ የዕለቱን፣ ብልህ ያመቱን ይባል የለ? እሱ ከብልህም አልፏል። መኪናዋን በኦክቶበር አዘዘ፤ ለዊልቸር ቦታ እንደሌላት ለእናቱ የነገራት ግን ጃንዋሪ ላይ ነው። ገናዋን በሰላም ትብላ ብሎ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

‹እማዬ፣ ወንበርሽ አይገባም› አላት፤ ይህን እሷው ናት የነገረችኝ፣ ልጇን እያደነቀች። ‹ሐኪም ዘንድ በምን እወስድሻለሁ? ቅዳሴስ በምን ትሄጃለሽ? መጦሪያው ከገባሽ ግን ሐኪሙም ቄሱም አልጋሽ ድረስ ይመጣሉ።› እንዲህ ያለውን ክርክር የትኛው ጠበቃ ይረታዋል? መኪናዋ ጠበበች። መኪናዋ ስለ ጠበበች ቤቱ ጠበበ። ቤቱ ስለ ጠበበ አትራክታ ባሏ ከሠራው ቤት ወጥታ መጦሪያ ገባች። ሰው የፈረደባት አይምሰልዎ፤ የፈረደባት የመኪናዋ ስፋት ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይሉ ነበር ወላጆቻችን። ቦታ ግን ይገዳል… ምን ይደረግ።

መጦሪያው ደግሞ የት ነው? ትልቁ መንገድ ዳር፣ ከባድ መኪናዎች ሞተራቸውን ሳያጠፉ የሚያድሩበት። እንግዲህ ቃሉን ጠብቋል፤ ጭሱንም እናቱንም ከቤቱ አርቋል። ሁለቱን ወደ አንድ ቦታ መላኩ ብቻ ነው… እሱም ቢሆን አብረው የኖሩ እንዳይነፋፈቁ ይሆናል።

ያቺ እሑድ መጣች። እርስዎ እዚሁ ነበሩ። ጃርላት ከተቀበረ ጀምሮ አትራክታ የመቃብር እሑድን አንድ ዓመት እንኳ አስቀርታ አታውቅም፤ በታመመችበት ዓመት ሳይቀር፣ ከአልጋዋ ተነሥታ መጥታለች። እኔም ቀደም ብዬ፣ ‹ቫኔ ሰፊ ናት፣ እኔ ላምጣት› ብዬ ነበር። ‹አይ፣ ትደክማለች፤ ራሷም መቅረት ይሻለኛል ብላለች› ተባልሁ። እንዴት ያለ ልጅ ነው? እናቱ ሳትደክም ድካሟን ያወቀ፣ ሳትናገር ቃሏን የሰማ።

እሷ ግን ያን ያለችውን ቃል አልሰማችውም። ልጠይቃት ስሄድ አስታማሚዋ አጫወተችኝ። እሑድ በጠዋት ተነሥታ፣ ሰማያዊ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ ከመጦሪያው ግቢ የቆረጡላትን አበባ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ መስኮቱ ዳር ተቀመጠች። ምሳ ሲያመጡላት ጓንቷን አላወልቅም አለች። ከሰዓት በኋላ ‹ባርኔጣውን ላንሣልሽ?› ብትላት፣ ‹ተዪው፣ ልጄ ቦታ እየፈለገ ነው። በመቃብር እሑድ መኪና ማቆሚያ እንዴት እንደሚቸግር አታውቂም› አለቻት።

ቦታ እየፈለገ ነው…

እሱስ እዚህ ነበር። ከበሩ አጠገብ፣ ብስክሌት እንኳ በማታስቆም ጠባብ ቦታ ውስጥ ቀይዋን ሸጎጥ አድርጎ። ትንሽ መኪና ደግነቷ ይኼ ነው። አባ ያን ዕለት ‹ሊመጡ ያልቻሉትን እናስብ› ሲሉ ከሁላችን ዝቅ ብሎ አንገቱን የደፋ ማን ነበር? የሚያስቡት ያለው ሰው ያስታውቃል።

በዚያው ዓመት፣ የገና በዓል ሳይደርስ፣ አትራክታ ሞተች። ወደ ጃርላት የመጣችው በረጅም ጥቁር መኪና ነው። ባለናፍታ፣ ኋላዋ ሰፊ። ለዚያ ቀን ቦታ አልጠፋም።

አሁን ይህን ማንሣቴ ለሐሜት አይደለም፣ እትዬ ዴልያ፤ በቅርቡ ደስ የሚል ነገር ስላወቅሁ ነው። ሰውየው ቀይዋን ሸጦ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ገዝቷል፤ ለአየር ያለው ፍቅር አልበረደም። ቀይዋን የገዛችው ማን ትሆን ቢሉ፣ የወረዳዋ ነርስ ግሮንያ። በዚህ ጸደይ ዳሌዬን ቀዶ ሕክምና ተደርጌ ስወጣ እሷ ናት የወሰደችኝ። እኔ ዊልቸር ላይ፤ ጤና ጣቢያው የሚያውሰው ያው ዓይነት፣ የአትራክታ ዊልቸር ወንድም ይበሉት። ‹አትልፊ፣ ልጄ፤ በዚች መኪና ዊልቸር አይገባም። በሰፈራችን የታወቀ ነው› አልኋት። ሳቀችብኝ። ከኋላ ወንበሩ ትከሻ ላይ ያለች ጥቁር የጨርቅ ማሰሪያ በአንድ ጣቷ ሳብ ስታደርግ፣ ወንበሩ ለስግደት እንደ ወደቀ ሰው ድፍት አለ። ዊልቸሩን አስገባች። የእኔን ሻንጣ ጨመረች። የድንች ጆንያዋን ጨመረች። በመጨረሻም ውሻዋ ዘሎ ገባና ተጋደመ።

‹መኪናዋን ስገዛት› አለችኝ፣ ‹ይህቺ ማሰሪያ ከፋብሪካ የመጣው ላስቲክ እንኳ አልተነሣላትም ነበር። አንድ ቀን ስቦ ያያት ሰው የለም።›

እንዴት ያለ ቁጥብ ሰው ነው፣ እትዬ ዴልያ? ለካ ያቺ ከመሪው ላይ የማትነሣው ጣት ከዚያም ቀድሞ ከማሰሪያዋ የተቆጠበች ኖራለች።

አባ መጡ። ይነሡ፣ ክንዴን ይያዙ። አበባውም ተስተካክሎ አልቋል መሰለኝ… የኮቱን ኮሌታ እስከ ጆሮው ስቦታል፣ ነፋሱ ይሆናል። አጠገቡ የቆመችው ልጁ ኦርላ ናት፤ አደገች አይደል? መንጃ ፈቃድ አውጥታለች፤ የተለማመደችውም በቀይዋ ነው አሉ፣ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ፣ እሱ የሚያውቀውን ሁሉ እያሳያት።

ቡራኬ ሳይጀመር እኛም እንመርቀው። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው። እስኪሸብት፣ ጉልበቱ እስኪዝል፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የልጅ ልጅ እስኪያይ ያቆየው። እሱ እናቱን እንደ ጦረ ኦርላም አባቷን ትጡረው። የመቃብር እሑድ በመጣ ቁጥር፣ እሷ ቦታ ፈልጋ እስክትመጣ፣ በመስኮቱ በኩል የሚገባው ፀሐይ እንደ ዛሬው ይሙቀው።

አሜን ይበሉ፣ እትዬ ዴልያ… ከፍ አድርገው።