ኩፍ ያለው ስልክ

ሀደራ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። ከነቬ ሐይም ሰፈር የተሳፈሩ አንዲት እናት አጠገባቸው የቆመችውን ወጣት ስለ ሞባይል ስልካቸው ጠየቋት።

«ልጄ፣ የፔሌፎኔ ጀርባ ኩፍ አለብኝ። ምን ሆኖ ነው?»

«ቻርጅ ላይ ብዙ ያቆዩታል እንዴ፣ እማማ?»

«ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ እሰካዋለሁ። በሰንበት አይነካ! ሰንበት ሲወጣ እነቅለዋለሁ።»

«የት አድርገው?»

«ከትራሴ ሥር። ሰንበት እንደወጣ ወታደሩ ልጄ ይደውላል፤ ሞልቶ ይጠብቀው ብዬ።»

«ኦይ፣ እማማ! ባትሪው እኮ ለስላሳ ከረጢት ነው፤ ውስጡ ስስ ንጣፎች ተደራርበዋል። ከሞላ በኋላ ታፍኖ ሲግል ጋዝ ይፈጥራል። ጋዙ መውጫ ስለሌለው ከረጢቱ ያብጣል።»

«እኔም ሰንበት በልቼ ስተኛ እንደሱ ነኝ።»

«እርስዎ ግን እሳት አይሆኑም።»

«እሱን ባለቤቴን ጠይቂው።»

«የምሬን ነው! ከተጫኑት ንጣፎቹ ይነካኩና ይቀጣጠላል። እንዳይሰኩት፤ ዛሬውኑ ስልክ ጠጋኝ ጋ ይውሰዱት፣ ባትሪውን ይቀይርልዎታል። እስቲ የት አለ፣ ልየው?»

«ከሥር ነው።»

«ከምን ሥር?»

«ከኔ። ጠፍጠፍ ይልልኛል ብዬ ከተሳፈርኩ ጀምሮ ተቀምጬበታለሁ።»

«እማማ! ይነሱ! ቀስ ብለው!»

«አይ የዛሬ ልጅ! ወንበሬን ፈልገሽ ኖሯል?»

ሁለቱም ስልኩን ይዘው ናሕሊኤል ሰፈር ወረዱ፤ እኔም ባዶውን ወንበር እያየሁ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ቆሜ ሄድኩ።