ሙዚቃ ብቻ የሚያውቅ ማጫወቻ

ሥራዬ ሰዎችን መልሶ ማራመድ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ታካሚዎቼ ግን አጠራሩ ስለማይመቻቸው "ዶክተር" ብለው ይገላግሉኛል። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ፣ ከክሊኒካችን ሥር ባለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ በር ላይ ሰው ተጨናንቆ አየሁ። ጸጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ፣ ጠና ያሉ ሴት ደፉ ላይ ቆመዋል። መውጣትም መግባትም አልሆነላቸውም። አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ክንዳቸውን ይዞ "አክስቴ፣ ትንሽ ብቻ ራመድ ይበሉ" እያለ ይጎትታቸዋል፤ ከኋላ ያሉት ገበያተኞች ያጉረመርማሉ።

ሕመሙን ወዲያው ለየሁት። ፓርኪንሰን የሚሉት የነርቭ ሕመም ነው። ልብ "ሂድ" እያለ እግር መሬት ላይ ተጣብቆ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ በር ላይና ጠባብ ቦታ ላይ ደግሞ ይብሳል። የሚጎትት ሰው ሊጥላቸው ይችላል። ወጣቱ ክንዳቸውን እንዲለቅ ለመንኩትና እንደ ሰልፈኛ ርምጃ በእጄ ማጨብጨብ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ። ጣቶቻቸው የቦርሳቸውን ጎን መምታት ጀመሩ፤ ቀኝ እግራቸው ተነሣ፣ ግራው ተከተለ፣ ተጠርተው እንደሚወጡ ሁሉ ከደፉ ወረዱ።

"ምቱ ትንሽ ተጎተተብሽ እንጂ ሌላው ደህና ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

እንዲህ ተዋወቅን። በወጣትነታቸው የዳንስ ባንድ ውስጥ ድራም ይመቱ ነበርና ሰፈሩ እስከ ዛሬ "እትዬ ድራም" ይላቸዋል። ወጣቱ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ለሥራ ርቀው ሲኖሩ በእሳቸው እጅ አደገ። ተምሮ መሐንዲስ ሆነ፣ በኪስ የሚያዝ ሙዚቃ ማጫወቻ በሚሠራ ድርጅትም ተቀጠረ። አክስቱ "ኢንጂነሩ" ሲሉት ኩራቱም ቀልዱም እኩል ይሰማል።

ወደ ክሊኒኩ ይዣቸው ገባሁና ጭብጨባው ለምን እንደሠራ አስረዳኋቸው። እንዲህ ባለ ሕመም የራስ ትእዛዝ እግር ላይ ሳይደርስ ሲቀር፣ በጆሮ የሚገባ ጥሩ ምት ብዙ ጊዜ እግሩን ያነሣዋል። ስለዚህ በየቀኑ ከሙዚቃ ጋር መራመድ ቢለማመዱ እንደሚሻላቸው ነገርኳቸው። ኢንጂነሩ ይህን ሲሰማ ጮቤ ረገጠ። ለመጪው ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጀው አዲስ ማጫወቻ ለዚሁ የተፈጠረ መሰለው። በነጋታው አክስቱንም ማጫወቻውንም ይዞ መጣ።

ዕቃው እውነትም ያምራል። አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ የራሱ ድምፅ ማጉያ አለው። ኢንጂነሩ ዓይኑ እያበራ ይዘረዝር ጀመር፤ ራዲዮ አለው፣ ርምጃ ይቆጥራል፣ የአየር ጠባይ ይናገራል፣ ፎቶ ያሳያል፣ ጨዋታ አለው፣ መብራቱ ከዘፈኑ ጋር ቀለሙን ይቀያይራል፣ ሲያስፈልግም በሰው ድምፅ ምክር ይሰጣል። እትዬ ድራም በትዕግሥት ሰሙት።

"ኢንጂነሩ፣ ይሄ ሙዚቃ ማጫወቻ ነው ወይስ የሰፈር ስብሰባ?" አሉት።

"አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጊዜው ተለውጧል። ሰው አሁን ሁሉንም ነገር በአንድ ዕቃ ይፈልጋል። የማይፈልጉትን አለመንካት ነው። ምን ይጎዳዎታል?"

"እኔ ባልነካው እሱ ይነካኛል ብዬ ነው የምፈራው። አንድ ባንድ ውስጥ ሁሉም ልዝፈን ካለ ማን ያጅባል? እኔ የምፈልገው የሚጀምርና የሚያቆም ቁልፍ ነው። ሌላው ትርፍ ነው።"

"እንዲህ ብንል ኖሮ እኮ ሰው እስከ ዛሬ ባንድ ፍለጋ በእግሩ ይሄድ ነበር እንጂ ሙዚቃን በኪሱ አይዝም ነበር" አላቸው በትሕትና።

እኔ በልቤ ለሁለቱም እፈርድ ነበር። ልጁ እንዳለው መጨመር ባይኖር ኖሮ ማጫወቻው ራሱ አይኖርም። እሳቸው እንዳሉት ደግሞ ዕቃ በበዛበት ቤት የሚፈለገው ነገር ይጠፋል። ነገሩ በክርክር አልቋጭ አለና ወጥተን እንሞክረው ተባባልን።

ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ሰፊ መንገድ አለ፤ ከማዶ መናፈሻ። ኢንጂነሩ ማጫወቻውን አንገታቸው ላይ አንጠለጠለና ፈጣን የዳንስ ሙዚቃ ከፈተ። እትዬ ድራም ሲራመዱ ብታዩ ሌላ ሰው ሆኑ። ትከሻቸው ተቃና፣ እጃቸው ተወዛወዘ፣ የእግረኛው መብራት አረንጓዴ ሲሆን ከእኛ ቀድመው ዜብራው ላይ ገቡ። ኢንጂነሩ በደስታ ክንዴን ጨበጠኝ። እኔም ፊቴ በፈገግታ ተሞልቶ ነበር።

መንገዱ መሐል ሲደርሱ ሙዚቃው በራሱ ዝቅ አለ፤ አንዲት ለስላሳ የሴት ድምፅም መጣች። "እንኳን ደስ አለዎት፤ የዛሬውን የርምጃ ግብዎን አሳክተዋል" አለች።

የእትዬ ድራም እግር እዚያው ተተከለ።

ኢንጂነሩ ተንደርድሮ ማጫወቻውን ያዘ። ስክሪኑ ላይ ኮከቦች ይፈነዳሉ፤ ውጤቱን ለወዳጆችዎ ማካፈል ይፈልጋሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። "አይ" የሚለውን ሲነካ የአየር ጠባይ መጣ፣ ያንን ሲዘጋ ጨዋታው ተከፈተ። የእግረኛው መብራት ቀይ ሆነ። ከታች የሚመጣ አውቶቡስ ረጅም ጡሩምባ ነፋ። እኔ እጄን ዘርግቼ መኪኖቹ ፊት ቆምኩ። እትዬ ድራም ላባቸው ግንባራቸው ላይ ችፍ ብሎ፣ ዓይናቸው የወንድማቸው ልጅ ላይ ነበር።

በዚህ ጊዜ ኢንጂነሩ ዕቃውን ለቀቀና አፉን ከፈተ። "ዱም፣ ታክ፣ ዱም ዱም፣ ታክ" እያለ ጭኑን መምታት ጀመረ። ልጅ ሳለ በእሳቸው ወንበር ሥር ተቀምጦ የለመደው ምት መሆኑን በኋላ ነው የነገረኝ። አንዱ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አፍጥጦ አየው። እሱ ግን አላፈረም፤ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ ዓይናቸውን እያየ ምቱን ቀጠለ። እግራቸው ተነሣ። ዱም፣ ታክ። ደግሞ ተነሣ። ማዶ ደረሱና የመናፈሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ኢንጂነሩ ማጫወቻውን ከአንገታቸው አወለቀ። ያችን ድምፅ ዛሬውኑ አጠፋታለሁ አለ።

"እሷን ታጠፋለህ" አሉት ቀስ ብለው። "ያላሰብካትንስ? እሷን ስትሠራት ልትጎዳኝ አልነበረም፤ እንኳን ደስ አለሽ ልትለኝ ነው። ሁሉም ደግ ነው፣ ልጄ። ግን ደግ ሁሉ በሥራ ሰዓት መጥቶ ካነጋገረህ ሥራው ይቆማል።"

ኢንጂነሩ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን በእጁ አበሰ። ከዚያ በሙሉ ልቡ ተሸንፌያለሁ አለ። የሚጀምርና የሚያቆም ቁልፍ ብቻ፣ በጣት ዳሰሳ የሚለይ፣ ሌላ ምንም የሌለበት አድርጎ እንደሚሠራው ቃል ገባላቸው።

ሠራውም። ብዙ ሳይቆይ ስክሪን የሌለውን ማጫወቻ ይዞ መጣ፤ እትዬ ድራም ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ይመላለሱበት ጀመር። እኔ ግን አንድ ነገር አየሁ። ሲደክማቸው ሙዚቃው ይቀድማቸዋል፤ እግራቸው ሊደርስበት ሲጣደፍ ይደነቃቀፋሉ። ይህንኑ ለኢንጂነሩ ነገርኩት። እሱ ፈራ ተባ እያለ አክስቱን ጠየቃቸው።

"አክስቴ፣ አንዲት ማዞሪያ ብጨምርስ? ዜማውን ሳትለውጥ ምቱን ብቻ የምታዘገይና የምታፈጥን።"

"ገና አንዱን ሳልለምደው ልትጨምርብኝ? ትርፍ አልፈልግም አላልኩም?"

"ይቺ እኮ በራሷ ምንም አታደርግም። እርስዎ ካልጠሯት አትመጣም። ድራም መቺ ዳንሰኛው ሲደክመው ካየ ምቱን አያበርድለትም እንዴ?"

የእትዬ ድራም ጣቶች የማጫወቻውን ጎን መምታት ጀመሩ። የዘመናቸው ባንድ ትዝ ብሏቸው ይሁን አላውቅም፣ በመጨረሻ "አምጣት፣ ልሞክራት" አሉ። ማዞሪያዋ ተገጥማ በመጣች ቀን ኮሪደሩን ሳይደነቃቀፉ ተመላለሱት። ሲደክማቸው በአውራ ጣታቸው ምቱን ያዘገያሉ፤ ሲበረቱ ያፈጥናሉ። ነርሶቹ ከየክፍሉ ወጥተው ያጨበጭባሉ። እሳቸውም ወደ ልጁ ዞረው፣ የሚጨመር ሁሉ ትርፍ ነው ማለታቸው ስሕተት እንደነበር በሰው ፊት አመኑ።

ኤግዚቢሽኑ ደረሰ። የድርጅቱ ኃላፊ ያንን ተራ የሚመስል ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ማየት አስጠልቶት ነበር፤ ዙሪያው ያሉት ድርጅቶች ሁሉ የሚያብለጨልጭ ስክሪን ደርድረዋል። ኢንጂነሩ ግን ሥራዬን ይውሰዱት እንጂ ይቺን አላነሣም ብሎ ድርቅ አለ። አዳራሹ ከመጨናነቁ የተነሣ ጤነኛንም አያስኬድም። እትዬ ድራም ማጫወቻውን አንጠልጥለው ከበሩ ተነሡ። ጠባቡን በር አለፉ። በጠረጴዛና በጠረጴዛ መካከል፣ በሰው ትከሻና በሰው ትከሻ መካከል አለፉ፤ ሰው መንገድ እየለቀቀ በዓይኑ ይከተላቸዋል። እኔ እጄን እያፋተግሁ በሩቁ አያለሁ። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ኃላፊው ራሱ ወንበር አቀረበላቸው።

የተሰበሰበውን ሰው ኢንጂነሩ በደስታ እየተቻኮለ አስረዳ። የሚበላሽ ነገር ስለማይበዛበት ዕድሜው ይረዝማል፤ ስክሪን ስለሌለው ባትሪው ይበረክታል፤ ዓይኑ የማያይም፣ እጁ ሊጥ ወይም ቀለም የነካውም በዳሰሳ ይከፍተዋል፤ ሕፃንም ሽማግሌም አስተማሪ ሳይፈልግ ይጠቀምበታል፤ ዋናው ነገር ደግሞ ሰውየው ከሙዚቃው ጋር ያለ አማላጅ ይገናኛል አለ። አዲስ ነገር እንጨምር ስንል፣ ሲጠሩት የሚመጣ ነው ወይስ ሳይጠሩት የሚገባ ብለን እንጠይቅ ብሎ ንግግሩን ዘጋ። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ለማጫወቻ ብቻ ሳይሆን ለምንሠራው ዕቃ ሁሉ።

አንድ ነጋዴ ከአንገታቸው ያወረዱትን ማጫወቻ በእጁ እያገላበጠ ወደ እትዬ ድራም ጎንበስ አለ። "እማማ፣ ይሄ ሌላ ምን ይሠራል?"

"ሌላውን የምሠራው እኔ ነኝ" አሉት። ማጫወቻውን ከእጁ ተቀብለው ቁልፉን በአውራ ጣታቸው ተጫኑና፣ ከወንበሩ ተነሥተው ወደ ቀጣዩ አዳራሽ መንገዳቸውን ቀጠሉ።